"ኮሚሽን የለም" የሚለው ማስታወቂያ እና የምንዛሪ እውነተኛ ዋጋ

በአብዛኞቹ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያዎች ሻንጣ ከምንቀበልበት ቦታ አለፍ ብሎ ምንዛሪ ቤት አለ። መስኮቱ ላይ ብዙ ጊዜ "ኮሚሽን አንቆርጥም" የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል። ጽሑፉ ውሸት አይደለም። ደረሰኙ ላይ ኮሚሽን የሚል መስመር አታገኙም። ግን ቤቱ ኪራይ ይከፍላል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ያተርፋልም። ይህ ሁሉ ገንዘብ የሚመጣው ከተመኑ ነው።

መንገደኛ ገንዘብ ሲመነዝር የሚከፍለው ትልቁ ዋጋ "ክፍያ" ተብሎ አይጠራም። ብዙ ሰው ስንት እንደተወሰደበት ሳያውቅ የሚሄደውም በዚህ ምክንያት ነው። ዋጋውን መለካት ግን ከባድ አይደለም። ስልካችሁ ላይ ያለው የሂሳብ ማሽን ይበቃል። ምን ከምን ጋር እንደሚነጻጸር ማወቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ሰሌዳው ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች

ምንዛሪ ቤት ለእያንዳንዱ ገንዘብ ሁለት ዋጋ ያወጣል፤ መግዣ እና መሸጫ። ሰው መጀመሪያ የሚምታታበት እዚህ ጋ ነው። "መግዣ" ማለት ቤቱ ከእናንተ የሚገዛበት ነው። "መሸጫ" ደግሞ ቤቱ ለእናንተ የሚሸጥበት። ሁለቱም የተጻፉት ከመስኮቱ ወዲያ ከተቀመጠው ሰው አንጻር ነው። ዶላር ይዛችሁ የጃፓን የን የምትፈልጉ ከሆነ፣ ቤቱ ዶላራችሁን እየገዛ ነው፤ ስለዚህ የሚመለከታችሁ የዶላር መግዣው ነው። ግራ ከገባችሁ፣ ከሁለቱ ቁጥሮች ለእናንተ የማይመቸውን ውሰዱ። የሚደርሳችሁ እሱ ነው።

በሁለቱ መሃል ደግሞ ሰሌዳው ላይ የማይጻፍ ሦስተኛ ቁጥር አለ፤ መካከለኛ ተመን። ትልልቅ ባንኮች እርስ በርሳቸው ሲገበያዩ በሚገዙበትና በሚሸጡበት ዋጋ መካከል፣ ልክ መሃል ላይ ያለው ዋጋ ነው። ኢንተርኔት ላይ "አንድ ዶላር ስንት የን ነው" ብላችሁ ስትጠይቁ የሚመጣላችሁ በአብዛኛው ይኸው ነው። በዚህ ዋጋ ካሽ የሚመነዝርላችሁ ሰው አትጠብቁ። ጥቅሙ መለኪያ መሆኑ ነው። ከእሱ ስንት እንደራቃችሁ ስታዩ፣ ምን ያህል እየከፈላችሁ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

በቁጥር እንየው። መካከለኛው ተመን ለአንድ ዶላር 150 የን ነው እንበል። አንድ ምንዛሪ ቤት ዶላር በ142 ይገዛል፣ በ158 ይሸጣል። ኮሚሽን የለውም። 500 ዶላር ስትሰጡት 71,000 የን ይሰጣችኋል። በመካከለኛው ተመን ቢሆን 75,000 የን ነበር። ልዩነቱ 4,000 የን፣ ማለትም 5.3 በመቶ ነው። ያለ ኮሚሽን መሆኑ ነው እንግዲህ። አሁን ደግሞ ሐሳባችሁን ቀይራችሁ ያንኑ 71,000 የን እዚያው መስኮት ላይ ወደ ዶላር መልሱልኝ ብትሉ በ158 ተካፍሎ 449 ዶላር ከ37 ሳንቲም ይደርሳችኋል። ምንም ሳትገዙ ከ50 ዶላር በላይ ሄደ። ገንዘብን ሁለት ጊዜ መመንዘር የሚያከስረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያው ጎን ያለ ሌላ ቤት "ኮሚሽን 2 በመቶ" ብሎ ቢጽፍና ዶላር በ149 ቢገዛ፣ ከኮሚሽኑ በኋላ 73,010 የን ታገኛላችሁ። ኮሚሽን የሚቆርጠው ቤት ከማይቆርጠው በ2,010 የን በለጠ። ስለዚህ ኮሚሽን አለ ወይስ የለም ብሎ መጠየቅ ብዙ አይረዳም። የሚጠቅመው ጥያቄ አንድ ነው፦ "ይህን ያህል ብሰጣችሁ፣ ሁሉም ነገር ተቆርጦ እጄ ላይ የሚደርሰው ስንት ነው?"

ተመኑን ማን ያወጣዋል?

የብዙ ትልልቅ አገሮች ገንዘብ ዋጋ የሚወጣው በገበያ ነው። የዓለም አቀፍ ክፍያዎች ባንክ በየሦስት ዓመቱ በሚያደርገው ጥናት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 በዚህ ገበያ በቀን 7.5 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ይገበያይ ነበር። ከግብይቱ 88 በመቶ በሚሆነው ላይ ከሁለቱ ወገኖች አንዱ የአሜሪካ ዶላር ነበር። ይህ ለመንገደኛም ትርጉም አለው። ሁለት ብዙም የማይፈለጉ ገንዘቦችን በቀጥታ መለወጥ አስቸጋሪ ነው። መሃል ላይ ዶላር ወይም ዩሮ ይገባል፤ እያንዳንዱ እርምጃ ደግሞ የራሱን ይቆርጣል።

ገበያው ቅዳሜና እሁድ ይዘጋል። ዓርብ ማታ በኒውዮርክ ሰዓት ቆሞ እሁድ ማታ ይከፈታል። በዚህ መሃል ተመኑ ቢንቀሳቀስ ኪሳራው በእነሱ እንዳይደርስ፣ አንዳንድ ምንዛሪ ቤቶችና በስልክ የሚሠሩ የካርድ አገልግሎቶች በሳምንቱ መጨረሻ ጭማሪ ያደርጋሉ። የሚቸኩል ነገር ከሌለ ከሰኞ እስከ ዓርብ መመንዘሩ ይሻላል።

ሁሉም ገንዘብ ግን በየቀኑ አይወጣም፣ አይወርድም። አንዳንድ አገሮች ገንዘባቸውን ከዶላር ወይም ከዩሮ ጋር አስረውታል። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ድርሃም ለአንድ ዶላር 3.6725 ነው። የሳዑዲ ሪያል 3.75 ነው። ሁለቱም ለአሥርት ዓመታት እንደዚያው ናቸው። ወደነዚህ አገሮች ለሚሄድ ሰው ነገሩ ይቀላል። አንድ ቤት ለአንድ ዶላር 3.40 ድርሃም እሰጣለሁ ካለ፣ ኢንተርኔት ሳትከፍቱ ከ7 በመቶ በላይ እየወሰደ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዶላር ዛሬ ወርዷል የሚል ምክንያት እዚህ አይሠራም።

ለምን ካሽ ይወደዳል?

ለምንዛሪ ቤቶች ፍትሐዊ መሆንም ያስፈልጋል። የወረቀት ገንዘብ ወጪ አለው። ከአገር ወደ አገር በጥበቃና በኢንሹራንስ ይጓጓዛል። ካዝና ውስጥ ያለ ሥራ ይቀመጣል። ሐሰተኛ እንዳይሆን ይፈተሻል። ተቀምጦ እያለ ዋጋው ሊወርድበትም ይችላል። ብዙ ሰው የማይፈልገው ገንዘብ ከሆነ ደግሞ ሳምንታት ይቀመጣል፤ ስለዚህ በመግዣውና በመሸጫው መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል። ዩሮና ዶላር ላይ ክፍተቱ ጠባብ የሚሆነው ቶሎ ቶሎ ስለሚገላበጡ ነው።

የአየር ማረፊያው ታሪክ ግን ሌላ ነው። እዚያ ቦታ ለማግኘት የሚከፈለው ኪራይ ከፍተኛ ነው። ተፎካካሪ ጥቂት ነው፤ አንዳንዴ ጭራሽ የለም። ደንበኛው ደግሞ ከረጅም በረራ የወረደ፣ የታክሲ ገንዘብ የሌለው፣ ከተማውን የማያውቅ ሰው ነው። ወዴት ይሄዳል? ለዚህም ነው ተመኑ ከከተማው ባንክ ወይም ምንዛሪ ቤት በብዙ የሚርቀው። እኔ አየር ማረፊያ ላይ ፈጽሞ አትመንዝሩ አልልም። ማረፊያችሁ የሚያደርሳችሁንና የመጀመሪያውን ቀን የሚያሳልፋችሁን ያህል መንዝሩ። የቀረውን ከተማ ገብታችሁ፣ አርፋችሁ፣ ሁለት ሦስት ቦታ አወዳድራችሁ ብትመነዝሩት ገንዘባችሁ ይተርፋል።

ከመነሳት በፊት ነው ወይስ ከደረሱ በኋላ?

ይህ የሚወሰነው በሁለቱ ገንዘቦች ነው። በአጠቃላይ አንድ ገንዘብ ርካሽ የሚሆነው ብዙ ባለበት አገር ነው። የምትሄዱበት አገር ገንዘብ ከአገሩ ውጭ ብዙም የማይገኝ ከሆነ፣ ከመነሳታችሁ በፊት መፈለግ ትርፉ ድካምና ውድ ዋጋ ነው። ዶላር ወይም ዩሮ ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው መመንዘር ይሻላል። በተቃራኒው የራሳችሁ ገንዘብ ውጭ የማይፈለግ ከሆነ፣ የምትሄዱበት አገር ምንዛሪ ቤት ወይ አይቀበለውም፣ ወይ በማይረባ ዋጋ ነው የሚወስደው። ስለዚህ ጠንካራውን ገንዘብ ከመነሳታችሁ በፊት፣ ከራሳችሁ ባንክ ወስዳችሁ ውጡ።

ከአገር ማውጣት ወይም ማስገባት ጭራሽ የሚከለከል ገንዘብም አለ። የቱኒዚያ ዲናር አንዱ ነው። ከቱኒዚያ ውጭ አትመነዝሩትም፤ ይዛችሁ መውጣትም አይፈቀድም። እንዲህ ዓይነት ገንዘብ ያላቸው አገሮች ውስጥ ስትመነዝሩ ደረሰኙን እንደ ፓስፖርት ያዙት። ስትወጡ የተረፈውን መልሳችሁ ለመለወጥ ስትሞክሩ፣ ከሕጋዊ ቦታ መመንዘራችሁን የሚያሳየው እሱ ነው። በትንሽ በትንሹ መመንዘርም እዚህ ላይ ጥቅሙ ትልቅ ነው።

ስም የሚያሳስትባቸው ገንዘቦችም አሉ። ዶላር የአሜሪካ ብቻ አይደለም፤ የካናዳም፣ የአውስትራሊያም፣ የሆንግኮንግም አለ። ስዊድን፣ ዴንማርክና ኖርዌይ ሁሉም ክሮና ወይም ክሮነ የሚሉት ገንዘብ አላቸው፤ ዋጋቸው ግን ለየቅል ነው። ዋጋ ሲነገራችሁ የየትኛው አገር ዶላር እንደሆነ ጠይቁ።

የኖቱ ሁኔታ

ብዙ መንገደኛ የሚደነግጠው በዚህ ነው። መቶ ዶላር ሁልጊዜ መቶ ዶላር አይደለም። በብዙ አገሮች ምንዛሪ ቤቶች የተቀደደ፣ የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ወይም በጣም የታጠፈ ዶላር አይቀበሉም፤ ከተቀበሉም ዋጋውን ቀንሰው ነው። ኖቱ የታተመበት ዘመንም ይታያል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 ሰማያዊ መስመር ያለበትን አዲሱን የመቶ ዶላር ኖት ሥራ ላይ አውላለች። ከዚያ በፊት የታተመው ዛሬም በአሜሪካ ሕጋዊ ገንዘብ ነው። ውጭ አገር ግን "አሮጌው አይሠራም" የሚል ብዙ ነው። ከነሱ ጋር ተከራክራችሁ አታሸንፉም። ከባንክ ስትወስዱ አዲሱን፣ ንጹሑን ስጡኝ በሉ። መስኮቱ ላይ እያላችሁ አንድ በአንድ አገላብጣችሁ እዩት፤ የማትፈልጉትን እዚያው አስቀይሩት። ገንዘቡንም አጥፋችሁ ኪስ ውስጥ ከምትከቱት ፖስታ ውስጥ ዘርግታችሁ ያዙት።

በአንዳንድ ቦታ የኖቱ መጠንም ዋጋ ይለውጣል። የመቶ ዶላር ኖት ከአምስት ወይም ከአሥር ዶላር ኖት በተሻለ ተመን ይመነዘራል። ስለዚህ ለመመንዘር የምትይዙት ድፍን ቢሆን ጥሩ ነው። ለጉርሻና ለድንገተኛ ነገር ጥቂት ዝርዝር መያዝም አይከፋም።

መሳቢያ ውስጥ ከድሮ ጉዞ የተረፈ ገንዘብ ካላችሁ ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት አጣሩ። የእንግሊዝ የወረቀት 20 እና 50 ፓውንድ ኖቶች እ.ኤ.አ. ከመስከረም 30 ቀን 2022 በኋላ ሱቅ ውስጥ አይሠሩም፤ በፕላስቲክ ኖቶች ተተክተዋል። የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ ግን አሁንም ይቀይራቸዋል። ክሮኤሺያ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ወደ ዩሮ ስለገባች የድሮ ገንዘቧን፣ ኩናን፣ ይዞ ወደ ሱቅ መሄድ አይቻልም።

መስኮቱ ፊት ለፊት

ጥሩ ተመን አግኝታችሁም መስኮቱ ላይ ልትበሉ ትችላላችሁ። በቱሪስት የተጨናነቁ ከተሞች ውስጥ የታወቁ ዘዴዎች አሉ። አንዱ መሸጫውን በትልቁ፣ መግዣውን በደቃቅ ጽሑፍ መለጠፍ ነው። አላፊ አግዳሚው ትልቁን ቁጥር አይቶ ይገባል። ሌላው ማራኪውን ተመን ሰሌዳው ላይ ሰቅሎ፣ ከሥሩ "ከዚህ መጠን በላይ ለሚመነዝሩ ብቻ" ብሎ በትንንሽ ፊደል መጻፍ ነው።

እነዚህን ሁሉ የሚያከሽፈው አንድ ቅደም ተከተል ነው። ገንዘባችሁን ገና አትስጡ። መጀመሪያ ምን ያህል እንደምትመነዝሩ ተናገሩ፤ የሚደርሳችሁን ድምር ወረቀት ላይ ወይም በሂሳብ ማሽኑ ላይ እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። ከመካከለኛው ተመን ጋር አወዳድሩ። ካልጣማችሁ አመስግናችሁ ውጡ። ከተስማማችሁ የራሳችሁን ገንዘብ ፊት ለፊታቸው ቆጥራችሁ ስጡ። የሚሰጧችሁንም ከመስኮቱ ሳትርቁ ቁጠሩ። እነሱ ከቆጠሩ በኋላ መልሰው ከወሰዱት፣ "አንድ ኖት ጎደለ፣ ልጨምር" ብለውም ቢሆን፣ እንደገና ከመጀመሪያው ቁጠሩት። ብሩ የሚጠፋው በዚያች መልሶ በመውሰድ ቅጽበት ነው። ከኋላችሁ የቆመው ሰልፈኛ ቢያጉረመርም ግድ አይስጣችሁ። ደረሰኙ ላይ የምትፈርሙት ከቆጠራችሁ በኋላ ነው።

በቼክ ሪፐብሊክ ችግሩ በጣም ስለከፋ ሕግ ወጥቶለታል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ እስከ 1,000 ዩሮ የሚደርስ ገንዘብ ከምንዛሪ ቤት የመነዘረ ሰው ሐሳቡን ከቀየረ፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ ተመልሶ ውሉን ማፍረስ ይችላል። ፕራግ ውስጥ መጥፎ ተመን መሆኑን ዘግይቶ የነቃ መንገደኛ ደረሰኙን ይዞ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። ሌላ አገር እንዲህ ዓይነት መብት ይኖራል ብላችሁ ግን አትጠብቁ።

ኤቲኤሙ የሚጠይቃችሁ ጥያቄ

ዛሬ አብዛኛው መንገደኛ ካርድ ይዞ ነው የሚሄደው። ጥሩ ነው፤ በብዙ ቦታ የካርድ ተመን ከካሽ ይሻላል። ቪዛ እና ማስተርካርድ ለመካከለኛው ተመን የቀረበ የራሳቸውን የዕለት ተመን ያወጣሉ፤ ድረ ገጻቸው ላይ ማንም ማየት ይችላል። ከዚያ ላይ የእናንተ ባንክ የውጭ ግብይት ክፍያ ሊጨምር ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 በመቶ ነው። ምንም የማይጨምሩ ካርዶችም አሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ባንካችሁን ጠይቁ።

ትልቁ ወጥመድ ግን ሌላ ነው። ውጭ አገር ኤቲኤም ላይ 200 ዩሮ ጠየቃችሁ እንበል። ሒሳባችሁ በዶላር ነው። ማሽኑ ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት አንድ ገጽ ያመጣል። "1 ዩሮ = 1.19 ዶላር። ከሒሳብዎ 238 ዶላር ይቀነሳል። ቅየራውን ይቀበላሉ?" ይላል። ከሥሩ ሁለት ቁልፍ አለ፤ አንዱ "እቀበላለሁ"፣ ሌላው "አልቀበልም"። እቀበላለሁ የሚለው አንዳንዴ አረንጓዴና ጎላ ያለ ነው። አልቀበልም የሚለው ቀይ ወይም ፈዘዝ ያለ። ብዙ ሰው አልቀበልም ካልኩ ብሩ አይወጣም ብሎ ይፈራል። ከኋላ ሰው ቆሟል፤ ካርዱም ማሽኑ ውስጥ ነው። እቀበላለሁን ይጫናል።

አልቀበልም ማለት ግን ገንዘቡን አልፈልግም ማለት አይደለም። ቅየራውን ይህ ማሽን አይሥራልኝ፣ ባንኬ ይሥራው ማለት ነው። ስትጫኑት 200 ዩሮው ይወጣል። በዕለቱ የካርዱ ተመን 1.10 ከሆነ 220 ዶላር ነው። ባንካችሁ 2 በመቶ ቢጨምርበት 224 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይሆናል። እቀበላለሁ ብላችሁ ቢሆን 238 ነበር። አንዲት ቁልፍ 13 ዶላር ከ60 ሳንቲም አስከፈለች። ይባስ ብሎ አንዳንድ ባንኮች ግብይቱ ውጭ አገር ስለተፈጸመ ብቻ፣ በዶላር ቢከፈልም የውጭ ግብይት ክፍያቸውን ከዚያው ላይ ይቆርጣሉ።

ይኸው ጥያቄ ሆቴልና ሱቅ ውስጥ በካርድ ስትከፍሉም ይመጣል። ሠራተኛው "በራስዎ ገንዘብ ልቁረጠው?" ይላችኋል፤ ሳይጠይቅ ራሱ የሚጫንም አለ። ትህትና ይመስላል። ከጭማሪው ሻጩም ድርሻ ሊኖረው እንደሚችል እወቁ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በአገሩ ገንዘብ። ዩሮ አገር ከሆናችሁ በዩሮ፣ የን አገር ከሆናችሁ በየን። የሚስጥር ቁጥራችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ማሽኑ ላይ የየትኛው አገር ገንዘብ እንደተጻፈ እዩ። የእናንተ አገር ገንዘብ ሆኖ ካገኛችሁት እንዲሰርዙትና እንደገና እንዲያስገቡት ጠይቁ። የመጠየቅ መብት አላችሁ። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ጉዳይ ትልቅ ነገር ብሎ ይዞት፣ በኅብረቱ ገንዘቦች መካከል ለሚደረግ ቅየራ ጭማሪው ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ተመን በስንት መቶኛ እንደሚበልጥ እንዲነገር እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በሕግ አስገድዷል።

ከቅየራው ሌላ፣ የኤቲኤሙ ባለቤት በአንድ ጊዜ የሚቆርጠው ክፍያ ሊኖር ይችላል። ይህ በአብዛኛው ቋሚ ነው፤ ጥቂትም አወጣችሁ ብዙ ያው ነው። ስለዚህ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከማውጣት የሦስት አራት ቀን ወጪ በአንዴ ማውጣት ያዋጣል። የባንክ ኤቲኤም ደግሞ መንገድ ዳር ቱሪስት በሚበዛበት ከቆመ የግል ማሽን ብዙ ጊዜ ይሻላል። በክሬዲት ካርድ ካሽ ማውጣትን ግን ለጭንቅ ቀን አቆዩት። በአብዛኞቹ ክሬዲት ካርዶች ካሽ እንደ ብድር ስለሚታይ ወለድ የሚቆጠረው ከዚያው ዕለት ጀምሮ ነው።

ሆቴልና መኪና አከራዮች ለመያዣ ብለው ካርዳችሁ ላይ ገንዘብ ያግዳሉ። በተቻለ መጠን እገዳ ብቻ እንጂ ክፍያ እንዳይሆን አስረግጡ። ተከፍሎ በኋላ የሚመለስ ከሆነ፣ የሚመለሰው በሚመለስበት ቀን ተመን ነው፤ የከፈላችሁትን ያህል ላይመለስላችሁ ይችላል።

በአንድ ካርድ ብቻ አትጓዙ። ማሽን ሊውጠው፣ ባንክ ሊያግደው፣ ሊሰረቅም ይችላል። ሁለተኛውን ካርድና ጥቂት ካሽ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ወዴት እንደምትሄዱም ለባንካችሁ አስቀድማችሁ አሳውቁ።

ጥቁር ገበያ

መንግሥት ተመኑን ከገበያው ዝቅ አድርጎ በያዘበት አገር ትይዩ ገበያ ይፈጠራል። ባንኩ የሚሰጠውና መንገድ ላይ ያለው ሰው የሚሰጠው በብዙ ይለያያል። ፈተናው ይገባኛል፤ ልዩነቱ ለአንድ ጉዞ ወጪ ትልቅ ሊሆን ይችላል። ግን ምን እንደምትገቡበት እወቁ። በብዙ አገሮች ወንጀል ነው። ሐሰተኛ ኖት ወይም ከሥራ የወጣ የሌላ አገር ገንዘብ ቢያስጨብጧችሁ የምትከሱበት ቦታ የለም። ደረሰኝ ስለሌላችሁ የተረፈውን በሕጋዊ መንገድ መልሳችሁ መለወጥ አትችሉም። ያገሩን ቋንቋ ለማይችልና ኖቱን ለይቶ ለማያውቅ መንገደኛ፣ እኔ አይሆንም ባይ ነኝ።

ድንበር ላይ

ብዙ ካሽ ይዞ መጓዝ በራሱ በብዙ አገሮች ወንጀል አይደለም። ወንጀሉ አለማስመዝገቡ ነው። ወደ አሜሪካ ስትገቡ ወይም ስትወጡ ከ10,000 ዶላር በላይ ከያዛችሁ ለጉምሩክ መግለጽ ግዴታ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ድንበር ላይ ገደቡ 10,000 ዩሮ ነው። ሌሎች አገሮች ከዚህ በጣም ዝቅ ያለ ገደብ ሊኖራቸው ይችላል፤ ለራሳቸው ገንዘብ ደግሞ የተለየ ገደብ የሚያስቀምጡ አሉ። አሜሪካ ላይ አንድ ቤተሰብ አብሮ ከተጓዘ የሚቆጠረው ድምሩ ነው። ለባልና ለሚስት ከፋፍሎ መያዝ ከማስመዝገብ አያድንም። ካስመዘገባችሁ ሁለት ጥያቄ ተጠይቃችሁ ታልፋላችሁ። ደብቃችሁ ከተገኛችሁ ገንዘቡ ሊወረስ ይችላል።

የተረፈው

ከጉዞ የተረፈን ገንዘብ መልሶ መመንዘር ማለት ያንን ክፍተት ሁለተኛ ጊዜ መክፈል ነው። "መልሰን እንገዛችኋለን" የሚል ዋስትና የሚሸጡ ቤቶች አሉ፤ በየትኛው ተመን እንደሚገዙ ሳታጣሩ አትክፈሉበት። ሳንቲም ደግሞ ምንዛሪ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ አይቀበሉም። የን ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ትልቁ ሳንቲም 500 የን ነው። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት አዲስ ካሽ አታውጡ። ሆቴሉን ለቃችሁ ስትወጡ ደግሞ በኪሳችሁ ያለውን ኖትና ሳንቲም ሁሉ ከሒሳቡ ላይ አስቀንሱ፤ ቀሪውን በካርድ ክፈሉ። አብዛኞቹ ሆቴሎች ይህን ያደርጋሉ። ታዲያ ማሽኑን ሲሰጧችሁ አሁንም በአገሩ ገንዘብ መሆኑን እዩ።